በተሰበረው ፍላሽ ውስጥ የቀረው እሹሩሩ

አንዲት አዋላጅ ነርስ ነበረች። ሲስተር እቴነሽ ትባላለች። የምትሠራው ከከተማ ራቅ ባለ ጤና ጣቢያ ነው። በጤና ጣቢያው ግቢ ውስጥ የእናቶች ማቆያ የሚሉት አንድ ሰፊ ክፍል አለ። ቤታቸው ሩቅ የሆነ ነፍሰ ጡሮች ምጥ መንገድ ላይ እንዳይዛቸው፣ ቀናቸው ሲቃረብ እዚያ መጥተው ይሰነብታሉ። ከየቀበሌው የመጡ፣ ከዚያ በፊት ተያይተው የማያውቁ ሴቶች አልጋ ለአልጋ ተጎራብተው ይጠባበቃሉ።

መጠበቅ ደግሞ አድካሚ ነው። ሲስተር እቴነሽ ሥራ ሲቀልላት ገብታ ታጫውታቸዋለች። ስለ ፍርሃታቸው ብትጠይቃቸው ዝም እንደሚሉ ስለምታውቅ፣ «እናትሽ ምን እያለች ነበር የምታስተኛሽ?» ትላለች። መጀመሪያ ያፍራሉ። ከዚያ አንዷ ትጀምራለች፤ ሌላዋ «በኛ አገር እንዲህ አይባልም» ትልና የራሷን ታወጣለች። ሳያውቁት ክፍሉ በሳቅና በዜማ ይሞላል። ሲስተር እቴነሽም አስፈቅዳ በስልኳ ትቀዳለች።

እንዲህ እያለች ባለፉት ዓመታት ብዙ እሹሩሩ ሰበሰበች። ስልኳ ሲሞላ ሁሉንም አንዲት ትንሽ ፍላሽ ላይ ትገለብጥና ከስልኩ ታጠፋዋለች። ፍላሿን ከነጭ ጋዋኗ ኪስ አትለያትም ነበር።

መጀመሪያ ላይ ለጠየቃት ሁሉ ትሰጥ ነበር። አንድ ጊዜ ለሥራ የመጣ እንግዳ ከቀረጻዎቹ ጥቂቱን ሰምቶ ዓይኑ እንባ ሲያቀርር አየችና ደስ ብሏት ሰጠችው። ከወራት በኋላ ከነዚያ አንዱ የሳሙና ማስታወቂያ ሆኖ በሬዲዮ ሰማችው። ያንጎራጎረችው እናት ስሟ አልተጠራም፤ ፈቃድ የጠየቃትም የለም። ያቺ እናት ራሷ ልጇን ልታስከትብ መጥታ፣ «ሲስተር፣ ያ በሬዲዮ የሚባለው የኔ አይደለም እንዴ?» ስትላት ሲስተር እቴነሽ በጣም አፈረች፤ ተናደደችም። ከዚያ ወዲያ ለማንም ላለመስጠት ወሰነች። «ሁሉንም ሰብስቤ፣ የእያንዳንዷን ስም ከነአገሯ አስገብቼ፣ አስተካክዬ አንድ ላይ አወጣዋለሁ። እስከዚያ ከእጄ አይወጣም» አለች። ክፋት ኖሯት አይደለም። ስለምትሳሳላቸው ነው።

ዘምዘም የምትባል እናት ወደ ማቆያው የመጣችው በክረምት ነበር። የመጀመሪያ ልጇ ነው። ሳቂታ ነበረች፤ ስትቀዳ እንኳ ሳቋን መግታት አልቻለችም። ሴት ልጅ ወለደች። ልጅቷ ደህና ነበረች፤ እናቲቱ ግን ደም አልቆም ብሏት ወደ ሆስፒታል ሲወስዷት መንገድ ላይ አረፈች። ሲስተር እቴነሽ አብራት አምቡላንሱ ውስጥ ነበረች። እጇን እንደያዘቻት ነው ያለፈችው።

ዓመት ሲሞላ የዘምዘም ባል ይመር ወደ ጤና ጣቢያው መጣ። ልጁን ሰዓዳን አዝሏታል። ባርኔጣውን በእጁ እያዟዟረ ቆየና፣

«ሲስተር፣ የዘምዘምን ድምፅ ቀድተዋል አሉኝ» አላት። «ልጅቱ አልተኛ እያለች አስቸገረችኝ። እኔ ዜማ አልችልም። ከዚህች ስልክ ላይ ቢያደርጉልኝ ብዬ ነው።»

ሲስተር እቴነሽ እጇን ኪሷ ውስጥ ከተተች። ፍላሿ እዚያው ነበረች። ነገር ግን ያ የሳሙና ማስታወቂያ ትዝ አላት። አንዴ ስልክ ላይ ከገባ ከስልክ ስልክ ይሄዳል፤ ማን ጋ እንደሚደርስ አይታወቅም።

«እሰጥሃለሁ፣ ይመር» አለችው። «ትንሽ ብቻ ታገሠኝ። ተስተካክሎ ሲያልቅ መጀመሪያ የምሰጠው ላንተ ነው።»

«እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ሄደ።

በዓመቱ ደግሞ መጣ፤ ያንኑ መለሰችለት። ከዚያ በኋላ አልጠየቃትም። ገበያ ላይ ሲያገኛት ሰላም ብሏት ያልፋል። ሲስተር እቴነሽ የተወው መሰላት።

ዓመታት አለፉ። ሥራው ማለቅ አልቻለም፤ ምክንያቱም ሁልጊዜ አዲስ እናት፣ አዲስ እሹሩሩ ትመጣለች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ፍላሿን በቢሮው ላፕቶፕ ላይ ሰክታ ስታዳምጥ «ሲስተር! ሲስተር! የሕፃኑ ጭንቅላት ወጣ!» የሚል ጩኸት ከማዋለጃ ክፍሉ መጣ። ብድግ ስትል ጋዋኗ የላፕቶፑን ገመድ ይዞ ጎተተው። ላፕቶፑ ፍላሿ በተሰካችበት በኩል ወለሉ ላይ ወደቀ። ስብር ሲል ሰማችው። ዞር ብላ ለማየት እንኳ ጊዜ አልነበራትም፤ ሮጠች።

ሕፃኑ በደህና ተወለደ። ለእናትየው አስታቅፋት፣ እጇን ታጥባ ስትመለስ ፍላሿ አንገቷ ተቆልምሞ፣ ብረቷ በአንድ ክር በምታህል ነገር ተንጠልጥላ አገኘቻት።

በዚያን ጊዜ ሰው የሚያደርገውን ሁሉ አደረገች። በጣቷ አቅንታ መልሳ ሰካቻት። ትንሿ መብራት ብልጭ አለችና ጠፋች። «አለች ማለት ነው!» ብላ እንደገና ሰካች። እንደገና ጫን አደረገቻት። የመድኃኒት ክፍሉ ባልደረባዋ አዘነላትና ሱፐር ግሉ አምጥቶ ለጠፈላት። ሙጫው ሲደርቅ ሰኩት። ፍላሿ ሞቀች፤ የተቃጠለ ነገር ሸተተ። ያኔ ነው ሲስተር እቴነሽ የነቀለቻት፣ በመሀረብ ጠቅልላም ኪሷ የከተተቻት።

በማግስቱ ከተማ ወረደች። ኤሌክትሮኒክስ የሚጠግን ብዙነህ የሚባል ሰው አለ አሏት። ብዙነህ ጠና ያለ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ፍላሿን ከመሀረቡ አውጥቶ በማጉያ መነጽር ሥር ገላበጣት።

«ከተሰበረ በኋላ ስንት ጊዜ ተሰካ?» አላት።

«እኔ እንጃ። ብዙ ጊዜ» አለች፤ አንገቷን ደፍታ።

«የተነቀለው ጫፉ ነው። ድምፁ ያለው እዚህ ውስጥ፣ ይቺ ጥቁሯ ላይ ነው። ስትሰበር ብዙም አልተነካችም ነበር። የጎዳት ከዚያ በኋላ የሆነው ነው፤ ሙጫውም ገብቶባታል።»

«እኔ እኮ ላድናት ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ፣ ሲስተር» አለ ብዙነህ። «እዚህ የሚመጣ ሰው ሁሉ እንዲያ ነው የሚያደርገው። እኔም የራሴን የሰርግ ፎቶ እንዲሁ አድርጌ አጥፍቼዋለሁ። ሰው የሚወደው ነገር ሲሰበር እጁን መሰብሰብ አይሆንለትም።» ፍላሿን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦም፣ «ለመሆኑ ኮፒው ሌላ ሰው ጋ የለም?» ብሎ ጠየቃት።

«የለም።»

«ለማንም አልሰጡም?»

«አልሰጠሁም» አለች። «እንዳይጠፋብኝ ብዬ።»

ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ለራሷም ተሰማት። ብዙነህ አልሳቀባትም። «ይተዉልኝ። የሚቻለኝን አደርጋለሁ፤ ግን ቃል አልገባልዎትም» ብቻ አላት።

ብዙነህ ሙጫውን በጥንቃቄ ፈቀፈቀ። ከፀጉር የቀጠኑ ሽቦዎችን አንድ በአንድ በየቦታቸው በየደ። ስልክ ደውሎ ሲጠራት ሲስተር እቴነሽ በልቧ እየጸለየች ነው የደረሰችው። ጥቂቱ ወጥቷል፤ አብዛኛው አልወጣም። የወጡትም ስማቸው ጠፍቶ ቁጥር ብቻ ሆነዋል። ማን ማን እንደሆነች ለማወቅ ያለው መንገድ መስማት ነው። ብዙነህ ማዳመጫ ሰጣትና ወንበር ሳበላት። አንዱ ሲከፈት ጭው የሚል ድምፅ ብቻ ይሰማል፤ ሌላው መሀል ላይ ይቆረጣል። አልፎ አልፎ አንድ ሙሉ እሹሩሩ ጥርት ብሎ ይወጣል፤ ያኔ የሴትዮዋ መልክ ከነአልጋዋ ፊቷ ድቅን ይላል።

ፀሐይ ወደ መጥለቂያዋ ስትጠጋ አንድ ሳቅ ሰማች። «አሁን እየቀዳ ነው እንዴ? ውይ ሲስተር፣ አፈርኩ!» የሚል። ዘምዘም ናት። ሲስተር እቴነሽ ማዳመጫውን በሁለት እጇ ጆሮዋ ላይ ተጫነችው። ከሳቁ በኋላ ዜማው መጣ፦

ወንዙ ተኛ አሉ፣ ድንጋይ ተንተርሶ፤
ጤፉም ተኛ አሉ…

እዚያ ላይ ተቆረጠ። ሌላ የለም፤ ጭው ብቻ ነው። እንደገና ከፈተችው፤ እዚያው ላይ ተቆረጠ። ብዙነህ አጠገቧ መጥቶ ቆመ። ሲስተር እቴነሽ ከዓመታት በፊት አምቡላንሱ ውስጥ ያላለቀሰችውን ለቅሶ እዚያ ሱቅ ውስጥ ተቀምጣ አለቀሰች።

ዝም ብትል ማንም የሚያውቅባት አልነበረም። ይመር መጠየቁን ትቷል። እሷ ግን በሚቀጥለው የዕረፍት ቀኗ የቀረውን ስልኳ ላይ አድርጋ ወደ ይመር መንደር በእግሯ ሄደች። ይመር ከአጥሩ ሥር ሞፈር ሲጠርብ አገኘችው። ተነስቶ እጅ ነሳት፤ መቀመጫ አመጣላት። ልቀመጥ አላለችም።

«ይመር፣ የጠየቅከኝን አምጥቻለሁ። ግን ሙሉ አይደለም። ሰብሬዋለሁ።»

የሆነውን ሁሉ ነገረችው፤ አንዱንም አላስቀረችም። ይመር መጥረቢያውን እያየ ሰማት። ስትጨርስ መጥረቢያውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ያኔ የመጣሁት ልጅቱ አልተኛ ስላለች ነበር» አለ። «አሁን እንኳ አድጋለች፤ ትምህርት ቤት ገብታለች። ለመተኛት አያስፈልጋትም። ግን የእናቷን ድምፅ ሰምታ አታውቅም፣ ሲስተር። እኔም እየረሳሁት ነው። ሰው ድምፅ ይረሳል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።»

«ይቅር በለኝ» አለች ሲስተር እቴነሽ።

ይመር ይቅር ብያለሁም፣ አልልምም አላለም። «ሰዓዳ!» ብሎ ተጣራ። ልጅቷ ከጓሮ እየሮጠች መጣች። ሲስተር እቴነሽ ስልኩን እጇ ላይ አስቀመጠችላትና ከፈተችው። ሳቁ መጣ። ሰዓዳ አባቷን ቀና ብላ አየች፤ ይመር ራሱን ነቀነቀላት። ዜማው መጣ። «ጤፉም ተኛ አሉ…» ላይ ቆመ።

«ድገሚው» አለች ሰዓዳ። ደገመችላት። አሁንም ቆመ።

«ጤፉም ተኛ አሉ። ከዚያስ?» አለች ልጅቷ።

ሲስተር እቴነሽ ይህን ዜማ ስንት ጊዜ ሰምታዋለች። ፍላሹ ይዞልኛል ብላ ግን አንዱንም በቃሏ አልያዘችም። «ከዚያስ?» አለች ሰዓዳ እንደገና። ሲስተር እቴነሽ በዕድሜዋ ብዙ ከባድ ጥያቄ ተጠይቃለች፤ እንደዚህ የከበዳት የለም።

«አላውቀውም፣ ልጄ» አለች። «የሚያውቅ ሰው ግን እፈልግልሻለሁ።»

ወደ ቤቷ ስትመለስ መንገዱን ሁሉ ያን ክረምት ታስታውስ ነበር። ዘምዘም በመስኮቱ በኩል ነበር የተኛችው። ከጎኗ ማን ነበረች? ፈንታነሽ! ሆዷ በጣም ገፍቶ፣ መዞር አቅቷት፣ ዘምዘም ደግፋ የምታነሳት ሴት። ሰው ጠይቃ፣ አሁን ነጭ ሽንኩርት ይዛ ገበያ እንደምትወጣ ሰማች። በገበያ ቀን ከሽንኩርት ተራ ፈልጋ አገኘቻት።

«ዘምዘምን ታስታውሻታለሽ?» አለቻት ገና ሰላምታው ሳያልቅ።

«ምን ማለትዎ ነው፣ ሲስተር? እሷን እንዴት እረሳለሁ?» አለች ፈንታነሽ። «እሷ ካላንጎራጎረችልን እኮ አንተኛም ነበር። እኔማ ፈርቼ ስነፈርቅ አልጋዬ ድረስ መጥታ ነበር የምትለው።»

«የምትለውን ታውቂዋለሽ?»

ፈንታነሽ ሳቀች። «ልጆቼን በምን አሳደግኳቸው ታዲያ? አሁን ትንሹ ራሱ እየዘፈነ ነው ጥጃ የሚያግደው። የወንዶች እናት ስለሆንኩ ‹ተኚልኝ› የሚለውን ‹ተኛልኝ› አድርጌዋለሁ እንጂ ሌላው እንዳለ ነው።» ከዚያ የሲስተር እቴነሽን ፊት አይታ ሳቋን ተወች። «ምነው? ምን ሆኑ?»

ሲስተር እቴነሽ እዚያው ሽንኩርቱ አጠገብ ቁጢጥ ብላ ነገረቻት። ፈንታነሽ ሰምታ ስትጨርስ፣ «በስልክዎ ላይ አልልልዎትም» አለች። «ልጅቱ ጋ ይውሰዱኝ።»

በማግስቱ አብረው ሄዱ። ፈንታነሽ ሰዓዳን ስታያት ሁለት ጉንጯን ይዛ፣ «ይኸው፣ ጥርሷ እንዳለ የእሷ ነው!» አለች። ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። ሲስተር እቴነሽ ስልኩን ከፈተች። ዘምዘም ሳቀች፤ አንጎራጎረች፤ «ጤፉም ተኛ አሉ…» ላይ ደረሰች። ድምፁ ከመቆረጡ ፈንታነሽ ተቀበለችው፦

ጤፉም ተኛ አሉ፣ ጉም ጋቢ ለብሶ፤
አንቺም ተኚልኝ፣ በክንዴ ላይ፤
እስክትወጣ ድረስ፣ ከጋራው ፀሐይ።

ለዓመታት «ተኛልኝ» ስትል የኖረች ሴት ለሰዓዳ ስትል «ተኚልኝ» ብላ መለሰችው። ይመር «በሬውን ልየው» ብሎ ተነስቶ ወጣ፤ ለብዙ ጊዜም አልተመለሰም። ሰዓዳ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ስታዳምጥ ቆይታ አብራ ማለት ጀመረች። ስትሳሳት ፈንታነሽ ታርማታለች። ሲስተር እቴነሽም ከአጠገባቸው ተቀምጣ፣ እንደ ተማሪ ቃል በቃል አብራ አጠናች።

ይመር ሲመለስ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ሲስተር እቴነሽን ሊሸኛት እስከ ወንዙ ድረስ መጣ። ሊለያዩ ሲሉ፣ «ያኔ ቢሰጡኝ ኖሮ ድምፅዋ ሙሉ ይኖረን ነበር» አላት። ሊያስከፋት ብሎ አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው። እሷም «አዎ» አለች። ከዚያ እጇን ጨብጦ ሳማት።

ከዚያ ወዲህ በማቆያው ነገሩ ተለወጠ። ሲስተር እቴነሽ ዛሬም ትቀዳለች። ነገር ግን እናቲቱ ወደ ቤቷ ከመሄዷ በፊት ድምፅዋ በራሷ ወይም በባሏ ስልክ ላይ ይገባል፤ እሹሩሩዋንም ለጎረቤት አልጋ አስተምራ ነው የምትወጣው። ከፍላሿ የተረፉትንም ባለቤቶቻቸውን እየፈለገች መለሰችላቸው። ከጠፉት መካከል አንዳንዶቹን ከሌሎች ሴቶች አፍ አገኘቻቸው፤ ብዙዎቹን ግን እስከ ዛሬ አላገኘቻቸውም። አንድ ባልደረባዋ፣ «ደግሞ ወስደው ማስታወቂያ ቢያደርጉትስ?» ሲላት፣ «ሊያደርጉት ይችላሉ፤ ያናድደኛልም» አለችው። «ግን ሌባው የወሰደው አንድ ዜማ ነበር። እኔ ከሌባ ላድን ብዬ ከልጅቱ ነው የወሰድኩባት።»

ወዳጆቼ፣ ብዙዎቻችን ክፉ ሰዎች ሆነን አይደለም የምንነፍገው። ስለምንሳሳ፣ አንድ ጊዜ ስለተጎዳን፣ ወይም «ትንሽ ላስተካክለው» ስለምንል ነው። ነገር ግን በአንድ ቦታ ብቻ ያለ ነገር፣ የቱንም ያህል ብንጠብቀው፣ አንድ ቀን በአንድ ውድቀት ይሄዳል። ለሌላ ሰው የደረሰው ግን በሌላ ድምፅም ቢሆን፣ ቃሉ ትንሽ ተለውጦም ቢሆን ይኖራል። ደግሞም ሁሉም ነገር አይመለስም፤ የዘምዘም ሙሉ ድምፅ አልተመለሰም። ስለዚህ የሚሰጠው በጊዜው ይሰጥ። የሰበርነው ነገር ካለ ደግሞ በጭንቀት እየነካካን የበለጠ ከመጉዳት ሄደን ለባለቤቱ እውነቱን እንንገረው፤ የቀረውን የሚያሟላ ሰው የሚገኘው ያኔ ነው።

አንተስ፣ አንቺስ? በእጃችሁ ያለ፣ የእናንተ ብቻ ያልሆነ ነገር አለ? ሁለት ጊዜ ጠይቋችሁ ሦስተኛውን የተወ ሰውስ ማን ነው?